ስቱዲዮው ይጠራኛል፣ ሳይቱም አይለቀኝም

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዓምዳችሁን ከተማሪነቴ ጀምሮ አነባለሁ፤ አንድ ቀን የራሴን ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አርክቴክት ነኝ፤ ዕድሜዬ 27 ነው። ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አማካሪ ድርጅት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ቢሮ ተቀምጬ የሌሎችን ዲዛይን ስጨርስና ፕላን ሳስተካክል አሳለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ እጄ ያለበት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ መገንባት ጀምሯል፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለቁጥጥር ሳይት እወጣለሁ። አሁን የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ ተሞልቷል፤ የአርማታ ወለሉን ማለቴ ነው።

ባለፈው ወር የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ለአርክቴክቸር ትምህርት ክፍሉ መምህራን እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ከአዲስ አበባ በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። የድሮ አስተማሪዬ ደውለው «ነይ፣ ማስተማር ተሰጥኦሽ ነው፤ ማስተርስሽንም ትማሪያለሽ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ዘለለ። ተማሪ ሳለሁ ከእኔ በታች ላሉት ሴክሽን (ሕንፃውን ቆርጦ ውስጡን የሚያሳይ ሥዕል) እንዴት እንደሚነበብ፣ ሞዴል እንዴት እንደሚቆረጥ ሳስረዳ ሌሊቱ ሲነጋ አይታወቀኝም ነበር። አሁንም ለኢንተርንሺፕ ቢሯችን የሚመጡት ልጆች ግራ ሲገባቸው ወደ እኔ ነው የሚመጡት።

ግን ሦስት ነገሮች ያዙኝ። አለቃዬ ወሬውን ሲሰሙ «ማስተማር መሥራት ያቃተው ሰው መሸሸጊያ ነው» አሉኝ። ንግግራቸው ውስጤ ቀረ። የእኔ ነው የምለው አንድም ያለቀ ሕንፃ ሳይኖረኝ ተማሪ ፊት ቆሜ ምን ልል ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የመምህርነቱ ደመወዝ አሁን ከማገኘው በጣም ያንሳል፤ የታናሽ ወንድሜን የኮሌጅ ክፍያ የምሸፍነው ደግሞ እኔ ነኝ። ሦስተኛው አባቴ ነው። አባባ ግንበኛ ሆኖ ጀምሮ፣ ፎርማን ሆኖ ነው እኛን ያሳደገን። «ይሄን ሕንፃ ልጄ ናት የሠራችው» ብሎ ለሰው ለማሳየት ይጓጓል። ስለ ማስተማሩ ስነግረው ምንም አልመለሰልኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማመልከቻው የሚዘጋው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቢሮውን ትቼ ልሂድ? ወይስ ማስተማሩን ከነጭራሹ ልርሳው?

ሁለት ልብ የሆንኩት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህታችን፣

ጭንቀትሽን ስላካፈልሽን እናመሰግናለን። ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግመን ያነበብነው አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር አለ፤ «አሁን የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ ተሞልቷል» የሚለው። አንቺ በዋዛ ያለፍሽው ይመስላል፤ የምንመክርሽ ነገር ግን በአብዛኛው ከእርሱ ይነሣል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ስለ ስሜትሽ ትንሽ እናውራ።

አስተማሪሽ ሲደውሉ ልብሽ መዝለሉን አታቃልዪው። ሌላው እስኪገባው ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ማስረዳት የማይሰለቸው ሰው ብዙ የለም። ይሁንና ሁለት ጥያቄዎችን ብቻሽን ስትሆኚ ራስሽን ጠይቂ። አለቃሽ ሥራሽን የሚያከብሩ፣ ንግግራቸው የማያቆስል ሰው ቢሆኑ ኖሮ ያ ስልክ ይህን ያህል ያስደስትሽ ነበር? ደግሞስ የማስተማሩ ሥራ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አሁን በምታገኚው ደመወዝ ቢመጣ፣ ነገውኑ ትሄጂ ነበር ወይስ ያን ጊዜም ያ ሕንፃ ወደ ኋላ ይስብሽ ነበር? ለመጀመሪያው መልስሽ «አይመስለኝም» ከሆነ ምናልባት የሚያስፈልግሽ ሌላ ቢሮ ነው። ለሁለተኛው «ሕንፃው ይስበኛል» ካልሽ ደግሞ ያስጨነቀሽ የገንዘቡና የአባትሽ ነገር ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ሥራው ራሱ ገና አልጨረስሽኝም እያለሽ ነው።

አለቃሽ ያሉትን በተመለከተ፣ የሙያው ታሪክ ከእርሳቸው ጋር አይስማማም። ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ያ ተቋም ማስተማርን ከግንባታ ምርምርና ከቁሳቁስ ፍተሻ ጋር አጣምሮ ይዞ ነበር። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ በዚሁ ትምህርት ቤት ዓመታትን እያስተማሩ ነው መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የነደፉት። የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ ደግሞ ጀርመን የሄዱት ለአናጺነት ሥልጠና ነበር። በርሊን ገና የአርክቴክቸር ተማሪ ሳሉ ለትውልድ መንደራቸው ለጋንዶ ገንዘብ አሰባስበው፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ከሸክላ አፈር ጡብ የተሠራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 አስጨረሱ። ዲፕሎማቸውን የያዙት ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይተው ነው። በኋላም ቢሯቸውን ሳይዘጉ ሙኒክ ውስጥ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በአርክቴክቸር ትልቁ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ተቀበሉ። ሁለቱም ማስተማር ሲጀምሩ መንደፋቸውን አልተዉም። ስለዚህ «ልሂድ ወይስ ልርሳው» ብለሽ ራስሽን ከሁለት አንዱን እንድትመርጪ ማስገደድ የለብሽም።

ከአለቃሽ ንግግር ሥር ያለው የራስሽ ስጋት ግን ሌላ ነው፤ እርሱን በቁም ነገር እንወስደዋለን። ያለቀ ሕንፃ የለኝም ያልሽው እውነት ነው። ይህ አያሳፍርም፤ በሦስት ዓመት ተኩል ሕንፃ የጨረሰ ወጣት አርክቴክት ብዙ የለም። ጉዳዩ ሕንፃሽ አሁን ያለበት ደረጃ ነው። አርማታው እስኪያልቅ ድረስ ሳይቱ በአብዛኛው የስትራክቸር መሐንዲሱ ነው። የአንቺ ሥዕል የሚፈተነው ብሎኬት መደርደር፣ ልስንና ማጠናቀቂያ ሲጀመር ነው። አንቺ ልትሄጂ ያሰብሽው ልክ ይህ ሊጀመር ሲል ነው።

ለምሳሌ የሕንፃውን መወጣጫ ደረጃ እንመልከት። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ቢሆን 18 ከፍታ (አንዱ ደረጃ ከሌላው የሚነሣበት ቁመት) ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 16.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እግር የሚያርፍበት መርገጫ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሁለት ከፍታና አንድ መርገጫ ተደምረው 63 አካባቢ ይመጣሉ፤ ለእግር የሚመች ልክ ነው። ይህን በተማሪነትሽ አሥር ጊዜ ሥለሽዋል። ሳይት ላይ የሚበላሸው ሌላ ነገር ነው። የወለሉ ማጠናቀቂያ ከነሥሩ ሙሌት 8 ሳንቲ ሜትር፣ የደረጃው እብነ በረድ ከነሞርታሩ 5 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ፎርማኑ ሥዕሉን አይቶ አርማታውን 18 እኩል ከፍታ አድርጎ ሞላው። እብነ በረዱ ሲነጠፍ የመጀመሪያው ደረጃ 13.7 ሆኖ ይቀራል፤ ላይኛው ወለል ላይ የሚያደርሰው የመጨረሻው ደግሞ 19.7 ይሆናል። እግር መሀል ላይ የለመደውን ልክ ጠብቆ ሲያነሣ እዚያ ይደናቀፋል። ጥፋቱ የታየው በማጠናቀቂያ ጊዜ ነው፤ መታረም የነበረበት ግን ካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ ማስያዣ) ሲመታ፣ የመጀመሪያውን ጥሬ (ማጠናቀቂያ ያልለበሰ) ከፍታ በ3 ሳንቲ ሜትር አሳድጎ የመጨረሻውን በ3 በመቀነስ ነበር። ነገ ሳይት ስትወጪ እስካሁን የተሞሉትን ደረጃዎች ሜትር ይዘሽ ለኪያቸው። የተሳሳተ ካለ የላዮቹን ገና ማስተካከል ይቻላል፤ የታቾቹንም የወለሉንና የደረጃውን ማጠናቀቂያ ውፍረት በማቀራረብ ማዳን ይቻላል።

በሩም እንዲሁ ነው። ብሎኬቱ ከፍታው 20፣ መሀሉ ያለው ሞርታር 1 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ረድፍ 21 ይሆናል፤ 10 ረድፍ ሲደረደር 2.10 ሜትር ይሞላል። ግንበኛው ከጥሬው ሶሌታ ቆጥሮ 10 ረድፍ ላይ ሊንተሉን (ከበሩ በላይ ግንቡን የሚሸከመውን አግዳሚ) ያሳርፋል። ከዚያ ወለሉ 8 ሳንቲ ሜትር ይነሣና የቀረው ክፍተት 2.02 ብቻ ይሆናል፤ የታዘዘው የ2.10 በር ሲመጣ አይገባም። ወይ በሩ ከሥሩ ይቆረጣል፣ ወይ ሊንተሉ ይፈረካከሳል። መፍትሔው በሥዕሉ ላይ የበሩን ከፍታ ከተጠናቀቀው ወለል መሆኑን መጻፍ፣ ግንብ ከመጀመሩም በፊት በየኮለኑ ላይ ከተጠናቀቀው ወለል 1 ሜትር ከፍ ብሎ የውሃ ልክ መስመር ማስመታት ነው። መታጠቢያ ቤቱም ሶሌታው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ካልተሞላ የወለሉን ተዳፋት የምታገኚበት ቦታ የለም፤ ውሃው ወደ መተላለፊያው ይወጣል። ውሃ መከላከያው ግድግዳው ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ መታጠፉንና ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ውሃ ሞልቶ ከ24 ሰዓት ያላነሰ መፈተኑን ቆመሽ ካላየሽ፣ «ተደርጓል» የሚል ቃል ብቻ ነው የሚቀርሽ።

እነዚህን በዓይንሽ ካየሽና በእጅሽ ካሳረምሽ በኋላ ተማሪ ፊት ስትቆሚ «ምን እላለሁ» ብለሽ አትጨነቂም። ስለዚህ ሐሳባችንን ሳንሸፋፍን እንንገርሽ። ሕንፃው ተጠናቅቆ ሳታዪ ቢሮውን አትልቀቂ፤ ማስተማሩን ግን በትንሹ፣ በዚሁ ዓመት ጀምሪው። ቋሚ ቅጥሩ አሁን ቢያልፍሽ የማስተርሱ ዕድል ሊዘገይ እንደሚችል እናውቃለን፤ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ትምህርት ክፍሎች መምህር ደግመው ይፈልጋሉ፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረሽ የምታውቂው የመጀመሪያ ሕንፃሽ ግን ሁለተኛ አይሠራም። ይህን ሐሳባችንን የሚያስቀይሩን ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። ግንባታው በባለቤቱ የገንዘብ እጥረት ላልታወቀ ጊዜ ከቆመ ወይም ቢሮሽ ከሳይቱ አንሥቶ ወደ ኮምፒውተር ሥራ ብቻ ከመለሰሽ መጠበቁ ትርጉም የለውም፤ ያን ጊዜ ሂጂ።

በትንሹ መጀመር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ እናድርገው። ለአስተማሪሽ ደውዪና ትምህርት ክፍሉ በሰዓት የሚከፈለው የትርፍ ጊዜ መምህር ይቀጥር እንደሆነ፣ ኮርሱንም በሳምንት በአንድ ቀን ማጠቃለል ይቻል እንደሆነ ጠይቂያቸው። ሐሙስ ማታ ሄደሽ ዓርብን አስተምረሽ ቅዳሜ ጠዋት መመለስ አድካሚ ቢሆንም ለአንድ መንፈቅ የሚቻል ነው። የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪውን ማን እንደሚችል ሳታፍሪ ጠይቂ፤ ካልተነገረሽ ከኪስሽ የሚወጣው ከሚከፈልሽ ሊበልጥ ይችላል። መንገዱ ከከበደሽ እዚሁ ከተማ ውስጥ አርክቴክቸር የሚያስተምሩ ኮሌጆችን ማነጋገርም ይቻላል።

የምትጠይቂውን ኮርስም ምረጪ። የአምስተኛ ዓመት ቴሲስ እንዳትወስጂ፤ ከሁሉም ጊዜ የሚበላው እርሱ ነው፣ ተማሪውም ብዙ ዓመት የሠራ አማካሪ ይፈልጋል። ለአንቺ የሚሆነው የሕንፃ ግንባታ ኮርስ ወይም የሁለተኛ ዓመት ስቱዲዮ (የዲዛይን ልምምድ ክፍለ ጊዜ) ነው። የተማሪ ቁጥርም ቀድመሽ ተነጋገሪ። 24 ተማሪ ላይ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ብትሰጪ 6 ሰዓት ነው፤ የአራት ሰዓት ስቱዲዮ ቢበዛ 16 ይደርሳል፤ የመጨረሻዎቹም የሚያገኙት የደከመች መምህርት ነው። 12 ተማሪ ቢሰጥሽ ሦስት ሰዓቱን በየጠረጴዛው እየዞርሽ ታማክሪያለሽ፣ የቀረውን አንድ ሰዓት ሥራዎቹን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ አብራችሁ ትነጋገራላችሁ። 24ቱን ውሰጂ ካሉሽ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን አራት አራት አድርገሽ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቢያቸው። ልጆቹ ለጓደኛቸው ከሚነገረው ብዙ ይማራሉ።

ለመጀመሪያ ሥራ ያንኑ ደረጃ ስጫቸው። በ1 ለ 20 ሲሠራ የ3 ሜትሩ ቁመት 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ አንድ ከፍታ 8.3 ሚሊ ሜትር፣ አንድ መርገጫ 15 ሚሊ ሜትር። ጥሬውን አርማታ በካርቶን ያቁሙ። በሳምንቱ ወለሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር፣ ደረጃው ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማጠናቀቂያ ይለጥፉበት። የመጀመሪያው ደረጃ ወደ 6.8 ወርዶ የመጨረሻው ወደ 9.8 ሲወጣ በጣታቸው ይዳስሱታል። ከዚያ ጥሬውን ሥዕል እንዲያርሙ አድርጊ። ውድ ቁሳቁስ አያስፈልገውም፤ የዕቃ መያዣ ካርቶን ይበቃል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው፤ ለሞዴል ገንዘብ ያጣ ልጅ ዝም ብሎ ከስቱዲዮ መቅረት ይጀምራል።

ጀማሪ መምህራን ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት እርሳሱን ከተማሪው እጅ ወስዶ የራስን ዲዛይን መሣል ነው። ልጁ በሳምንቱ ያንቺን ሐሳብ አጽድቶ ይዞ ይመጣል፤ የት እንደተሳሳተ ግን አልገባውም። መሣል ካለብሽ ሌላ ወረቀት ላይ፣ ሁለት ሦስት አማራጭ አድርገሽ ሣዪና ምርጫውን ለእርሱ ተዪለት። ውጤት የምትሰጪበትን መመዘኛ ደግሞ ሥራው ሲሰጥ አብሮ ይሰጥ፤ ለምሳሌ ከ100 ውስጥ 30 ለሂደቱ፣ 40 ለፕላንና ሴክሽኑ መናበብ፣ 20 ለዲቴይል (ለዝርዝር ሥዕል)፣ 10 ለአቀራረብ። ይህ ካልሆነ ጁሪ (ተማሪው ሥራውን ገምጋሚዎች ፊት የሚያቀርብበት ቀን) ላይ በኮምፒውተር የተዋበ ሥዕል ሚዛኑን ይደፋል፤ ውሃው የት እንደሚወርድ ያላወቀ ሕንፃ ከፍተኛ ነጥብ ይዞ ይወጣል። በጁሪ ቀን እንግዳ ገምጋሚ ከጋበዝሽ መመዘኛውን አስቀድመሽ ላኪለት። ተማሪውን ሰው ፊት የሚያዋርድ ቃል ከተነገረም ዝም ብለሽ አትለፊው። ያለቃሽ አንድ ዐረፍተ ነገር አንቺን እንዴት እንዳደረገሽ ታውቂያለሽ።

ሁለቱን ሥራዎች አብሮ መያዝ ድንበር ይፈልጋል። የቢሮውን ሥዕል ክፍል ውስጥ ለማሳየት ከድርጅቱና ከሕንፃው ባለቤት ፈቃድ ተቀበይ፤ ስሙንና አድራሻውንም አጥፊ። ተማሪዎችሽን ለቢሮው ሥራ በነፃ አታሠሪ፤ ኢንተርንሺፕ ከሆነ በደብዳቤና በውል ይሁን። የአርማታ ሙሌት ቀን ከማስተማሪያ ቀንሽ ጋር መጋጨቱም አይቀርም። ለኮንትራክተሩ ዓርብ ሙሌት እንደማይኖር አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይቻላል፤ ካልሆነም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራስሽ ሄደሽ ተመልከቺ። የቧንቧ ማሳለፊያዎቹ ቦታቸውን ይዘዋል? የኤሌክትሪክ መስመሩ ተቀብሯል? ለቀጣዩ መወጣጫ ደረጃ የሚያያዘው ፌሮ ወጥቷል? መታጠቢያ ቤቱ ዝቅ ብሏል? ያየሽውን ሳይት ቡክ (የሳይቱ መዝገብ) ላይ ጽፈሽ አስፈርሚ። ያልተጻፈ ትእዛዝ ሲበላሽ የማንም አይሆንም።

ከአለቃሽ ጋር ስትነጋገሪ ስለዚያ ንግግራቸው አታንሺ። የምትጠይቂው ግልጽ ይሁን፤ ለአንድ መንፈቅ ዓርብን ልትለቂ፣ በልኩ ደመወዝሽ ሊቀነስ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልትሠሪ፣ ሕንፃው ርክክብ እስኪደረግ ድረስም በኃላፊነት ልትቆዪ። ለቢሮው የሚጠቅመውንም ንገሪያቸው፤ ጎበዝ ተማሪዎችን ከሌላው ቀድመሽ ታያለሽ። እንቢ ካሉ ምክንያታቸውን አድምጪ። ምናልባት የሚፈሩት ሳይቱ ባዶ መቅረቱን ነው፤ ለዚያ ደግሞ መልስ ይዘሻል።

የወረቀቱን ጉዳይ አታዘግዪው። በአገራችን የአርክቴክት ምዝገባ ከግራጁዌት ወደ ፕሮፌሽናል፣ ከዚያም ወደ ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል የሚያድግ ነው፤ ነገ የራስሽን ቢሮ መክፈት ብታስቢ የሚጠየቀው ይኸው ነው። መመሪያው በየጊዜው ስለሚሻሻል ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት በአካል ቀርበሽ አንድ ጥያቄ አቅርቢ፦ የማስተማር ዓመት ለደረጃ ዕድገት እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠራል ወይ? መልሱ ምናልባት የመሄጃ ጊዜሽን ይወስንልሻል። ከቢሮሽም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስትወስጂ «በአርክቴክትነት አገልግላለች» በሚል አጭር መስመር አትርኪ። የየፕሮጀክቱ ስም፣ የፎቁ ብዛት፣ የነበረሽ ድርሻና የሠራሽበት ጊዜ ይዘርዘር።

ገንዘቡን ደግሞ በጭንቅላትሽ ይዘሽ አትዙሪ፤ ወረቀት ላይ አውርጂው። የወንድምሽ ክፍያ ስንት መንፈቅ ይቀረዋል? ሲጠናቀቅ ከሕንፃው ማለቂያ ጋር ይገጣጠም ይሆን? ከሆነ ከዓመት ወይም ከዓመት ተኩል በኋላ ዝቅተኛውን ደመወዝ መሸከም ዛሬ የሚታይሽን ያህል አይከብድም። ያም ሆኖ ቋሚ መምህር ሆነሽ ለማስተርስ በዩኒቨርሲቲው ወጪ ብትላኪ የምትፈርሚውን የግዴታ ውል አንድ ሁለት ጊዜ አንብቢ፤ ተምረሽ ስትመለሺ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለብሽ፣ ብትለቂ ምን ያህል እንደምትከፍይ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የግል ዲዛይን መሥራት ይፈቀድልሽ እንደሆነ። የመጨረሻው ለአንቺ ከሁሉም ይበልጣል፤ የማያሠራሽ ውል ከፈረምሽ አሁን የሚያስጨንቅሽ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

አባትሽን አስመልክቶ የምንገምተው አለ። ዕድሜ ልካቸውን ሌሎች የነደፉትን የገነቡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሥዕሉን የምትይዘው ሆና ሲያዩ፣ የሄዱበት መንገድ ሁሉ እዚህ እንዳደረሳቸው ይሰማቸው ይሆናል፤ «ላስተምር ነው» ስትያቸው ያን ተዪው ያልሽ መስሏቸው ቢሆንስ? ቤት ውስጥ አታስረጃቸው፤ አንድ ቀን ሳይቱን አሳዪያቸው። ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ፈቃድ ተቀብለሽ፣ ቆብ አስደርገሽ ይዘሻቸው ግቢ። ደረጃውን ስትለኪ ሜትሩን በአንድ ጫፍ ይያዙልሽ። ሕንፃው ሳያልቅ እንደማትሄጂ እዚያው ንገሪያቸው። ከዚያ ምን እንዳሳሰባቸው ጠይቂያቸውና ጊዜ ስጫቸው። ማስተማሩን ስትጀምሪ ደግሞ ትምህርት ክፍሉን አስፈቅደሽ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ጋብዣቸው፤ ቱምቢ እንዴት እንደሚወርድ፣ ክር እንዴት እንደሚወጠር፣ የማዕዘን ብሎኬት ለምን ቀድሞ እንደሚቆም ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያሳይ መምህር አታገኚም። በእንግዳ አስተማሪነት ስማቸው በኮርሱ መርሐ ግብር ላይ ይጻፍ።

የቀሩሽ ሦስት ሳምንታት ይበቃሉ። በዚህ ሳምንት ለአስተማሪሽ ደውዪ፣ ወደ መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ጎራ በዪ። በሚቀጥለው ከአባትሽና ከአለቃሽ ጋር ተነጋገሪ፤ አባትሽን አስቀድሚ። በሦስተኛው ማመልከቻውን አስገቢ፤ ቋሚ ቅጥሩንም ቢሆን ማመልከት አያስርሽም። በደብዳቤው ላይ «በአሁኑ ጊዜ በግንባታ ላይ ያለ ፕሮጀክት በኃላፊነት ስለያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት በትርፍ ጊዜ መምህርነት፣ ከዚያ በኋላ በቋሚነት ለማገልገል ፈቃደኛ ነኝ» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ ያማሩ ሥዕሎችን ብቻ አትደርድሪ፤ ከሕንፃሽ አንድ ዲቴይል፣ ሳይት ላይ ሲሠራ የተነሣ ፎቶግራፍና ከታረመ በኋላ ያለውን ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጪ። መዝጊያው ቀን ሳይደርስ ሁለት ቀን ቀድመሽ ለመዝገብ ቤት ስጪ፤ ቅጂው ላይም ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስደርገሽ ያዢ።